ፖሊስተር ጨርቅን ላብ እንዲመጥ፣ ውኃ እንዳያስገባ ወይም እንዲለሰልስ ማድረግ፦ የፊኒሺንግ አሠራር መመሪያ

ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ አይጨማደድም፣ ቶሎ ይደርቃል። ችግሩ የሚመጣው ሰውነት ላይ ሲሆን ነው። ላብ አይመጥም። በበጋ ቀሚሱ እግር ላይ ይጣበቃል፣ ሲያወልቁት በሰበቃ በተፈጠረ ኤሌክትሪክ ቷ ቷ ይላል። የወጥ ቅባት ከነካው ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ላብራቶሪ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ እርጥበት ሲለካ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውኃ ከአየር ይይዛል። ፖሊስተር 0.4 በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው።

ይህን ጠባዩን በኬሚካል ማስተካከል ይቻላል። ፋብሪካ ውስጥ ፊኒሺንግ የሚባለው ሥራ ይኸው ነው። መመሪያው የተጻፈው በማቅለሚያና ፊኒሺንግ ክፍል ለሚሠራ ቴክኒሺያን ነው። ማልያ ወይም ዩኒፎርም እያሰፋ ጨርቁን ለፋብሪካ አሳልፎ የሚሰጥ ሰውም ምን እንደሚጠይቅ ያውቅበታል። ቤት ውስጥ በባልዲ ለመሞከር ግን አይሆንም። ከ150 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከኬሚካሎቹም አንዳንዶቹ ዓይን ያጠፋሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ጥጥ ኬሚካል የሚያያዝበት ብዙ ቦታ አለው። ፖሊስተር የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፊኒሺንጉን ጨርቁ ላይ የሚያቆየው ሙቀት ነው። ያው ሙቀት ደግሞ ቀለሙን ከክሩ ውስጥ ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ሙቀት ሲያንስ ፊኒሺንጉ በሁለተኛው እጥበት ይሄዳል። ሲበዛ ቀለሙ ይለቃል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ አንድ ሥራ ምረጡ

ደንበኛ ሁሉንም ይፈልጋል። ላብ ይምጠጥ፣ ዝናብ አያስገባ፣ ይለስልስ፣ ኤሌክትሪክም አይያዝ። አይሆንም። ላብ የሚመጥ ጨርቅ ውኃ ይወዳል፣ ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ ውኃ ይጠላል። የተለመደው የሲሊኮን ማለስለሻ በጣም ደስ የሚል ልስላሴ ይሰጣል፣ ግን ላብ መምጠጡን ያጠፋዋል። ኤሌክትሪክ የሚከላከሉት ኬሚካሎች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከአየር እርጥበት በመሳብ ነው። ስለዚህ ዝናብ መከላከያ ላይ ከተጨመሩ ሥራውን ያበላሹታል።

ለማልያ፣ ለዩኒፎርምና ለሸሚዝ የእኔ ምርጫ ላብ አማጪው፣ ማለትም ጨርቁ ላብ እንዲመጥ የሚያደርገው ኬሚካል ነው። ያንኑ አንዱን ኬሚካል አድርጋችሁ ሦስት ጥቅም ታገኛላችሁ፦ ላብ ይበትናል፣ የቅባት እድፍ በእጥበት በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል፣ ኤሌክትሪክንም በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል። ለጃኬት፣ ለጃንጥላና ለቦርሳ ውኃ መከላከያው ነው። ለመጋረጃና ለገበር ማለስለሻ ይበቃል።

ጨርቁን እወቁት

ከጥቅሉ ጫፍ ቁራጭ ወስዳችሁ ክር መዝዙና በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉት። ንጹሕ ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ጥጥ ካለበት የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድም ይቀራል። ላይክራ መኖሩን በእጅ በመሳብ ታውቃላችሁ። ላይክራ ካለ ከፍተኛ ሙቀት የመለጠጥ ኃይሉን ስለሚገድለው ገና ከጅምሩ መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ ክብደቱ። 10 በ10 ሴንቲሜትር ቁረጡና መዝኑ። 1.5 ግራም ከመጣ ጨርቁ በካሬ ሜትር 150 ግራም ነው። ይህ ቁጥር ለስሌቱ ያስፈልጋል።

ከዚያ ቀለሙ። ቁራጩን በነጭ ፖሊስተር ሸፍኑና በ180 ዲግሪ ካውያ ለ30 ሴኮንድ ተጫኑት። ነጩ ላይ ቀለም ከታተመ ይህ ጨርቅ ሙቀት አይችልም ማለት ነው። ጥቁር፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ምክንያቱም እነሱ ብዙ ቀለም ተሸክመዋል። ውጤቱን ጻፉት። ስቴንተሩ (ጨርቁን በስፋቱ ወጥሮ በሙቅ አየር የሚያደርቀውና የሚያሞቀው ማሽን) ላይ ስንደርስ ትመለከቱታላችሁ።

እጥበት

ብዙ የፊኒሺንግ ችግር ሥሩ እዚህ ነው። ከውጭ የመጣ ጨርቅ ንጹሕ ይመስላል፣ ግን የመፍተያና የመሸመኛ ዘይት አለበት። ዘይት ባለበት ቦታ ፊኒሺንጉ አይቀመጥም። በላይ ሆኖ ይደርቃል፣ ከዚያ ከዘይቱ ጋር ይታጠባል።

በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 2 ግራም አዮን የሌለው (የኤሌክትሪክ ኃይል የማይሸከም) የፋብሪካ ሳሙና፣ ከ1 እስከ 2 ግራም ሶዳ አሽ ጨምሩ። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ድረስ አሙቁና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እጠቡ። በሙቅ አለቅልቁ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ። በመጨረሻው ውኃ ላይ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ጨምራችሁ የጨርቁን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወደ 5.5 ወይም 6 አውርዱ። ሶዳ ተርፎ የገባ ጨርቅ የመንከሪያውን ውኃ ቀስ በቀስ ስለሚያበላሸው መጀመሪያ ያለፈው 50 ሜትር ጥሩ ሆኖ መጨረሻው የተበላሸ ይወጣል።

ጥቁርና ደማቅ ቀለም ከሆነ ከቀለም በኋላ ላዩ ላይ የቀረውን ትርፍ ቀለም ማጥራት ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር 2 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 2 ግራም ሃይድሮሰልፋይት (ትርፉን ቀለም የሚያፈርስ ዱቄት)፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ጨርቁን ያቀለመላችሁ ፋብሪካ ይህን ሠርቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሠርቻለሁ ቢልም እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ አሹት። ነጩ ካደፈ አልተሠራም፣ ወይም በደንብ አልተሠራም።

ሳሙናው መውጣቱን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። የታጠበ ቁራጭ በትንሽ ንጹሕ ሙቅ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ በኃይል ነቅንቁ። አረፋ ከያዘ ሳሙና ቀርቷል። ላብ አማጪ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ውኃ መከላከያ ላይ ግን ሥራውን በሙሉ ይገድለዋል።

በደረቀው ቁራጭ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉና ምን ያህል ጊዜ ቆሞ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ከፊኒሺንጉ በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ጨርቁ ገና በሙቀት ካልረጋ፣ ከቀለም በፊት ከ180 እስከ 195 ዲግሪ ለ30 ሴኮንድ ያህል ስቴንተር ላይ አልፎ ስፋቱ መያዝ አለበት። ተዘጋጅቶ የተገዛ ጨርቅ ይህን አልፏል፣ አትድገሙት።

ኮስቲክ ሶዳ፦ ለሁሉም አይደለም

አንዳንዱ ፖሊስተር ሸካራና ደረቅ ያለ ነው። ለቀሚስ የሚሆን እንደ ሐር የሚወርድ ጨርቅ ከተፈለገ ክሩን በኮስቲክ ሶዳ ማቅጠን ይቻላል። ኮስቲኩ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከላይ ከላይ ይልጠዋል። ጨርቁ ከ10 እስከ 20 በመቶ ክብደቱን ያጣል፣ ይለሰልሳል፣ ውኃም በመጠኑ ይወዳል። ጥንካሬም አብሮ ይሄዳል። ስስ ጨርቅ ላይ ከ20 በመቶ በላይ መሄድ ስፌቱ ላይ መቀደድን መጋበዝ ነው። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም በፍጹም አልመክረውም።

የሚለካው በሚዛን ነው። 20 ግራም ደረቅ ቁራጭ ከሥራው በኋላ ታጥቦና ደርቆ 17 ግራም ከሆነ 15 በመቶ ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ የአሠራር ወረቀት የማይነግራችሁ ነገር አለ። ወረቀቱ «በሚፈላ ውኃ፣ 98 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ» ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ገንዳ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐዋሳ ላይ ወደ 94 ይጠጋል። እንፋሎቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብትለቁበት ከዚያ በላይ አይወጣም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የኮስቲኩ ሥራ በሙቀት በጣም ስለሚለዋወጥ የወረቀቱን ደቂቃ ብትከተሉ ጨርቁ ገና ነው። ደቂቃውን በራሳችሁ ቁራጭ አውጡ፦ በየ15 ደቂቃው አንድ ቁራጭ እያወጣችሁ መዝኑና ትክክለኛውን ጊዜ አግኙ። የተዘጋ የግፊት ማሽን ላላቸው ይህ ችግር የለም።

ለማፋጠን የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ። በደንብ ካልታጠቡ ጨርቁ ላይ ቀርተው ከቀረው ኮስቲክ ጋር መላጡን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ማጠብ፣ በአሲድ ማስተካከል፣ እንደገና ማጠብ።

ኮስቲክ ሲበጠበጥ ሁልጊዜ ኮስቲኩ ወደ ውኃው ይጨመራል፣ ውኃው ወደ ኮስቲኩ አይጨመርም። በኃይል ይሞቃል፣ ይፈናጠራል። መነጽር፣ የጎማ ጓንትና ሽርጥ ሳታደርጉ አትቅረቡት።

ስሌቱ

ብዙ ቦታ ፊኒሺንግ የሚሠራው በፓደር ነው። ጨርቁ ኬሚካሉ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በሁለት የጎማ ጥቅሎች መሃል ይጨመቃል። ስንት በመቶ ውኃ ይዞ እንደሚወጣ ካላወቃችሁ ስንት ኬሚካል እንደተቀመጠ አታውቁም።

20 ግራም ደረቅ ቁራጭ ነክራችሁ በፓደሩ አሳልፉና ወዲያው መዝኑ። 33 ግራም ከሆነ 13 ግራም ውኃ ይዟል። 13 ለ20 ሲካፈል 65 በመቶ። ፒክአፑ ይህ ነው። ፖሊስተር ከጥጥ ያነሰ ስለሚይዝ የጥጥ ቀመር ቀጥታ አይሠራለትም።

አሁን ጨርቁ ላይ 2 በመቶ ኬሚካል እንዲቀመጥ ትፈልጋላችሁ እንበል። 2 በ1,000 ተባዝቶ ለ65 ሲካፈል 31 ገደማ ይመጣል። በአንድ ሊትር 31 ግራም ማለት ነው።

500 ሜትር ጨርቅ፣ ስፋቱ 1.6 ሜትር፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር 150 ግራም ቢሆን ጠቅላላው 120 ኪሎ ነው። የዚህ 65 በመቶ 78 ሊትር። የፓደሩ ገንዳ ላይ የሚቀረውን 27 ሊትር ያህል ስትደምሩ 105 ሊትር ታዘጋጃላችሁ። 105 በ31 ሲባዛ 3.3 ኪሎ ያህል ኬሚካል። ይህን ሳያሰሉ በግምት ባልዲ የሚገለብጡ አሉ። ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ፓደሩ በግራ፣ በመሃልና በቀኝ እኩል መጭመቁንም አረጋግጡ። ከሦስቱ ቦታ ቁራጭ መዝኖ ማወዳደር ነው።

ውኃውና አደራረጉ

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበዛበታል። አሲድ ጨምራችሁ ፒኤቹ 5 ሆነ ብላችሁ ስትደሰቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ላይ ይመለሳል። አሲድ ጨምሩ፣ በደንብ አማስሉ፣ ጥቂት ቆዩ፣ እንደገና ለኩ። የድሬዳዋ ውኃ ደግሞ ካልሲየም ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው እሱ ነው። ያ ካልሲየም ከሳሙና ጋር ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፣ ስሱ የሆኑ ኬሚካሎችንም ይሰባብራል። የለሰለሰ ውኃ ከሌላችሁ እጥበቱ ላይ ካልሲየም የሚይዝ ኬሚካል ጨምሩ።

የመንከሪያው ውኃ ሲዘጋጅ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከሚያስፈልገው ውኃ ሦስት አራተኛውን አስቀድሙ። አሴቲክ አሲዱን ጨምራችሁ ፒኤቹን አስተካክሉ። ዋናውን ኬሚካል ለብቻው በአምስት እጥፍ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና በወንፊት ጨርቅ እያጠለላችሁ ጨምሩ። ቀሪውን ውኃ ሙሉ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ። እንፋሎት ቀጥታ አትልቀቁበት፣ ዘይትና ውኃ የተዋሃዱበት ኬሚካል ይለያይና ጨርቁ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ይሆናል።

አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ኃይል (አዮን) ያለውንና አሉታዊ ያለውን ኬሚካል አንድ ገንዳ ውስጥ አትቀላቅሉ። ማለስለሻዎች ብዙዎቹ አዎንታዊ ናቸው። ሳሙናዎች ብዙዎቹ አሉታዊ። ሁለቱ ሲገናኙ ይረጋሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «አዮኑ ምንድን ነው?» በሉት። መመለስ ካልቻለ ሌላ ጋ ሂዱ።

ላብ አማጪው

ይህ ኬሚካል ሁለት ዓይነት ክፍል ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው። አንዱ ክፍል ራሱ ፖሊስተርን ይመስላል። ሌላው ውኃ የሚወድ ፖሊኢታይሊን ግላይኮል ነው። ሲሞቅ ፖሊስተር መሰሉ ክፍል ወደ ክሩ ገጽ ይሰምጥና እዚያው ይረጋል። ውኃ ወዳዱ ውጭ ይቀራል። ላቡ በጨርቁ ላይ ሰፍቶ ቶሎ ይተናል። ክሩ ራሱ ግን አሁንም 0.4 በመቶ ነው፣ ለደንበኛ «እንደ ጥጥ ሆኗል» አትበሉ።

በፓደር ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ20 እስከ 40 ግራም፣ ፒኤች ከ5 እስከ 5.5 ይሆናል። መጀመሪያ ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ማድረቅ፣ ከዚያ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ለ30 እስከ 60 ሴኮንድ ማሞቅ። የገዛችሁት ምርት ወረቀት የተለየ ቁጥር ከሰጠ እሱን ተከተሉ።

ፓደር ከሌላችሁና ቀለም የምትቀቡት በግፊት ማሽን ከሆነ የተሻለ መንገድ አለ። ከጨርቁ ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆነውን እዚያው የቀለም ውኃ ውስጥ መጨመር ይቻላል። በ130 ዲግሪ ቀለሙ ሲገባ እሱም አብሮ ይያያዛል። ጊዜም ውኃም ይቆጥባል። ምርቱ ይህን እንደሚችልና ከቀለማችሁ ጋር እንደማይጣላ አስቀድማችሁ በትንሹ ሞክሩ።

ስቴንተሩ ላይ

ስቴንተሩ ሰሌዳ ላይ 160 የሚለው የአየሩ ሙቀት ነው። ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከ100 በታች ነው ያለው። ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ላይ ነው። ስለዚህ ቆይታውን በሰዓት ብቻ መቁጠር ያታልላል።

በምሳሌ እንየው። የማሽኑ ሙቅ ክፍል 12 ሜትር ነው። ጨርቁ በደቂቃ 20 ሜትር ይሄዳል። ውስጥ የሚቆየው 36 ሴኮንድ ነው። ለመድረቅ 24 ሴኮንድ ከፈጀበት ለዋናው ሙቀት የተረፈው 12 ሴኮንድ ብቻ ነው። ላብ አማጪው አልተያያዘም። ፍጥነቱን ወደ 10 ሜትር ብታወርዱት ጠቅላላው 72 ሴኮንድ ይሆናል፣ ለመድረቅ ያው 24 ሄዶ 48 ይተርፋል። ይበቃል። ጨርቁ ላይ የምትለጥፉት ሙቀት የሚያሳይ ወረቀት ካገኛችሁ ግምቱ ሁሉ ይቀራል።

«ታዲያ ለምን ሙቀቱን ወደ 180 አላወጣውም?» የሚል አለ። በቀለሙ ምክንያት። ፖሊስተር የሚቀለመው ዲስፐርስ በሚባል ቀለም ነው። ቀለሙ በክሩ ውስጥ ይሟሟል እንጂ አይታሰርም። ከ150 ዲግሪ በላይ ሲሆን እንደገና መንቀሳቀስ ይጀምራል። ላዩ ላይ ማለስለሻ ወይም ሌላ የቅባት ንብርብር ካለ ቀለሙ ያንን ይወደዋል፣ ወጥቶ እዚያ ይሰፍራል። ጨርቁ ሲወጣ ምንም አይታይበትም። ከታጠበ በኋላ ግን ከጥቁሩ ሱሪ አጠገብ የነበረው ነጭ ሸሚዝ ግራጫ ይሆናል። ከቀለም በኋላ የተሠራው ማጥሪያ እዚህ አያድንም፣ ምክንያቱም ቀለሙ የወጣው ከማጥሪያው በኋላ ነው።

የሚያድነው ምንድን ነው? ካውያው ላይ ቀለም ለለቀቀ ጨርቅ ሙቀቱን ወደ 140 አውርዱና ጊዜውን አርዝሙ። ፊኒሺንጉ ትንሽ ዕድሜ ያጣል፣ ቀለሙ ግን ይተርፋል። ማለስለሻውን ቀንሱ። ቀለሙን የምትመርጡት እናንተ ከሆናችሁ ሙቀት የሚችለውን፣ ከፍ ያለ ኃይል ያለውን ዓይነት ግዙ። ውድ ነው፣ ግን የተመለሰ ዩኒፎርም ከዚያ ይወደዳል። ከስቴንተሩ የወጣ ጨርቅም ቀዝቅዞ ይጠቅለል። ትኩሱን ከጠቀለላችሁት ውስጡ ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል፣ ቀለሙም ሥራውን ይቀጥላል።

ውኃ መከላከያ

ለረጅም ጊዜ ምርጡ ውኃ መከላከያ ፍሎሪን ያለበት ነበር። ውኃንም ዘይትንም ይመልሳል። ችግሩ አካባቢ ውስጥ ገብቶ አለመበስበሱ ነው። ከዚህ ቤተሰብ አንዱ የሆነው ፒኤፍኦኤ በ2019 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት ታግዷል። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚጨመረውን ከልክለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ስድስት ካርቦን ባለው ዓይነት ላይ ያወጣው ገደብ ለተራ ልብስ ከጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ኬሚካሉን ከመግዛታችሁ በፊት ፍሎሪን የሌለበት መሆኑን በጽሑፍ አስረግጡ።

ፍሎሪን የሌላቸው በሰምና በመሰል ሃይድሮካርቦን ወይም በሲሊኮን የተሠሩ ናቸው። ዝናብ ይመልሳሉ፣ ዘይት አይመልሱም። ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ40 እስከ 80 ግራም፣ ፒኤች ከ4 እስከ 5፣ ማድረቅ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ፣ ማሞቅ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ለ1 እስከ 2 ደቂቃ። ለእጥበት እንዲበረታ አያያዥ ኬሚካል ይጨመርበታል። ጨርቁ ውኃ ስለማይወድ ከመጨመቁ በፊት በደንብ መነከሩን ተመልከቱ። ማራሻ ካስፈለገ ሲሞቅ በንኖ የሚጠፋ ዓይነት ይሁን፣ ተራ ሳሙና ከሆነ ራሳችሁ የሠራችሁትን ታፈርሳላችሁ።

ፈተናው ቀላል ነው። ጨርቁን በክብ ማዕቀፍ ወጥሩና በ45 ዲግሪ አጋድሙ። ከ15 ሴንቲሜትር ከፍታ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ በወንፊት ቀዳዳ አፍስሱበት። ማዕቀፉን አንዴ ኳ አድርጉና ተመልከቱ። ምንም ካልያዘ 100 ነው። ጥቂት ጠብታዎች ከያዘ 90። ውኃው የወረደባቸው ነጥቦች ከረጠቡ 80። ከዚያ በታች ለጃኬት አይሆንም። ይህን አምስት ጊዜ በ40 ዲግሪ ካጠባችሁ በኋላ ድገሙት። ያልታጠበ ጨርቅ ላይ የወጣ 100 ብዙም አያኮራም።

ማለስለሻና ኤሌክትሪክ መከላከያ

ማለስለሻ ላይ ረጅም ነገር የለም። አሚኖ ሲሊኮን ከሁሉ የሚለሰልስ ነው፣ ግን ነጭ ጨርቅን በሙቀት ቢጫ ያደርጋል። ለነጭ የማያስቢጭ ሲሊኮን ወይም ፖሊኢታይሊን ምረጡ። በሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም በቂ ነው። ከዚያ በላይ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ስፌቱም ይከፈታል።

ኤሌክትሪክ መከላከያዎቹ ርካሾቹ በጥቂት እጥበት ይሄዳሉ። እርጥበት ስለሚፈልጉ ደግሞ በጣም የሚያስፈልጉበት ጊዜ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ በጣም የሚደክሙበት ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ላብ አማጪውን የማስቀድመው።

እሳት መከላከያ መጋረጃ ለሆቴል አስፈልጎ የሚጠይቃችሁ ካለ፣ ክሩ ሲሠራ ጀምሮ እሳት እንዲከላከል የተደረገ ፖሊስተር ይግዛ። በአነስተኛ ክፍል በኬሚካል ነክሮ የሰው ሕይወት ላይ ዋስትና መስጠት አይሞከርም።

ፍሳሹና ጥንቃቄው

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት ይዞ ነው። አነስተኛ ክፍል ያን አይችልም፣ ግን የሚችለው አለ። የፓደር ገንዳ ላይ የተረፈውን ኬሚካል ወደ ቱቦ አትድፉ። በክዳን ዕቃ አድርጋችሁ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ሥራ አቆዩ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት ፒኤቹንና ሽታውን አረጋግጡ። የኮስቲክ ውኃ ወደ መደበኛው ፒኤች ሳይመለስ አይለቀቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚለቀቅ ነገር አቃቂ ወንዝ ይደርሳል፣ በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

ሃይድሮሰልፋይት በርሜሉ ጥብቅ ብሎ ይከደን። ትንሽ እርጥበት ከገባበት ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል፣ በእርጥብ ማንኪያ መቅዳት ክልክል ነው። የስቴንተሩ ጭስ ማውጫ ውስጥ ዘይትና ሲሊኮን ይከማቻል፣ ካልተጠረገ እሳት ይይዛል።

ሲበላሽ

ላብ አማጪ የተደረገበት ጨርቅ የውኃ ጠብታ ካላስገባ መጀመሪያ ፓደሩን ጠርጥሩ። ትናንት ሲሊኮን የሄደበት ጎማ ሳይታጠብ ከሆነ ዛሬ ያስተላልፋል። ከዚያ የስቴንተሩን ፍጥነት ተመልከቱ።

ነጭ ዱቄት ጥቁር ጨርቅ ላይ ከታየ ቀለም ሲቀቡ ከክሩ ራሱ የወጣ ብናኝ ሊሆን ይችላል። የቀለሙን ውኃ ገና ትኩስ ሳለ መልቀቅና ሞቅ አድርጎ በኮስቲክና በሃይድሮሰልፋይት ማጥራት ይቀንሰዋል።

የቅባት ነጠብጣብ ከወጣ ኬሚካሉ ተለያይቷል። ገና ወደ 150 ያልደረሰ ከሆነ በሙቅ ሳሙናና ሶዳ አሽ ይታጠባል፣ እንደገና ይሠራል። ሞቆ ያለፈ ሲሊኮን ግን በቀላሉ አይወጣም። በኃይለኛ ኬሚካል ብትታገሉት ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱን ጥቅል ነጠብጣቡን ሸሽጎ ለማልያ ከመቁረጥ በቅናሽ ለገበር መሸጥ ይሻላል።